ለአሠራር እንዲመች፦ ጅዳ ድረስ ሄጄ ስለገዛሁት ላፕቶፕ

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ነው። አንዴ የበደለኝ አባታችን በሞቱ በዓመቱ ነው፤ ሁለተኛውን ባለፈው ኅዳር ከዑምራ በተመለስን ሰሞን ደገመው። የፊተኛውን በአጭሩ ልናገርና ወደ ጉዞው ልለፍ። ጅማ መርካቶ ያለውን የአባታችንን ቤት ካርታ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት ስንመላለስ፣ ነጂብ፣ "እታባ፣ ካርታው በእኔ ስም ይውጣ፤ ለአሠራር እንዲመች ነው እንጂ ቤቱ የሁለታችን ነው" አለኝ። እሱን በታይፒስት ደሞዜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ የምኖረው በዚያው ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ "እህቴ ናት፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው" ይላል።

ጡረታ የወጣሁት ከፍርድ ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በጽሕፈት መኪና፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ በኮምፒውተር የሰው ክስ፣ የሰው መልስ፣ የሰው ይግባኝ ስጽፍ ኖርኩ። አሮጌዋን መኪና መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግድ ገዝቼ አስቀምጫት ነበር፤ ነጂብ ጓሮ ሲያጸዳ ለቆራሌ ሰጣት። "ማን ይፈልጋታል ብዬ ነው" አለ።

ሐሳቤ አንድ ነበር። ላፕቶፕ ገዝቼ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ እቀመጣለሁ። ዛሬ በእጅ የተጻፈ አቤቱታ መዝገብ ቤት አይቀበልም፤ በሩ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ከሳሽን ተከሳሽ አድርገው ይጽፋሉ። ከማገኘው ኪቶ ፉርዲሳ በኩል አንድ ክፍል እከራይና ከነጂብ ጓሮ እወጣለሁ። ፈረንጅ አራዳ ያሉትን ሱቆች ዞሬ ጠየቅሁ። ያለኝ ለግማሹ ይበቃል። አንዱ ባለሱቅ "ለልጅ ልጅዎ ነው?" አለኝ። "ለኔ ነው" ስለው ጓደኛውን አይቶ ሳቀ።

በዚህ መካከል ነጂብ ሚስቱን ሙናን ዑምራ ሊልክ ሆነ። ብቻዋን መሄዱን አልወደደችውም፤ አብሬያት እንድሄድ ለእኔም ከፈለ። መርካቶ ሙሉ "ነጂብ እህቱን ዑምራ ላከ" አለ። የሙና ሻንጣ ተሸካሚ አድርጎ ላከ ያለ የለም። ከዓመት በፊት ሄዳ የመጣች ጎረቤታችን ጅዳ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ያገለገሉ ላፕቶፖች በእኛ ገበያ ግማሽ ዋጋ እንደሚሸጡ ነገረችኝ። የእናቴን አምባር ሸጥኩ። ቁጠባዬን ጨመርኩበት። በሪያል አስቀየርኩና ጡት መያዣዬ ውስጥ ሰፋሁት።

ሐሙስ

ከጅማ የወጣነው በአውቶቡስ ነው። ሙና በአውሮፕላን እንሂድ ብላ ነበር፤ ነጂብ ለአዲስ አበባ መንገድ ብር አያባክንም። እሷ ሦስት ባዶ ሻንጣ ይዛ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን። ባዶ የሆኑት ሲመለሱ እንዲሞሉ ነው። የእኔ ሻንጣ አንድ ናት፤ ውስጧ ልብስ፣ የሶላት ምንጣፍና ለሐሊማ የያዝኩት አንድ ጠርሙስ የጌራ ማር አለ። ሐሊማ የዚያችው ጎረቤታችን ዘመድ፣ የአጋሮ ልጅ፣ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ናት።

ሰርቦ ስንደርስ ነጋ። የመከር ጊዜ ስለሆነ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ ቀዩ እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ፣ የደረቀው ጀንፈል ምንጣፍ ላይ። ብዙ ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እያንዳንዱን ቤት አየሁ። በሕይወቴ ከአዲስ አበባ አልፌ ሄጄ አላውቅም።

ሰኮሩን አልፈን የግቤን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሙና አስታወካት። ፌስታል ያዝኩላት። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው። ቀሚሴን ለውዱእ በያዝኩት ውኃ አጠብኩ። "ይቅርታ እታባ፣ ለነጂብ እንዳይነግሩት" አለችኝ። ለምን እንደምነግረው አልገባኝም። ወልቂጤ ላይ እሷ ሳትበላ ቀረች፤ እኔ ሽሮ በላሁ። እንጀራው ከእኛው ይሳሳል፣ ሽሮው ግን በርበሬ አልተቆጠበበትም።

አዲስ አበባ ያደርነው ኮልፌ፣ የሙና የሩቅ ዘመድ ከሆኑ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ቤት ነው። አንድ አልጋ ነው ያላቸው። ሙና ከልጃቸው ጋር ፍራሽ ላይ ተኛች፤ እሳቸው ለእኔ አልጋቸውን ለቀው መሬት አነጠፉ።

"እኔ መሬት ይመቸኛል" አልኩ።

"ምኑ ነው የሚመችዎት? ጉልበትዎን ደረጃ ላይ አይቼዋለሁ" አሉኝ።

አልጋው ላይ ተኛሁ። የራሴ አልጋ ላይ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ

ቦሌ ፍተሻው ላይ ማሬን ወሰዱት። ሻንጣ ውስጥ እንዳይሰበር ብዬ በእጄ ይዤው ነበር። ፈታሿ ልጅ ጠርሙሱን አውጥታ "እናቴ፣ ፈሳሽ አይፈቀድም" አለች።

"ማር ነው እንጂ ፈሳሽ አይደለም። ገልብጪው እስቲ፣ ይፈስስ እንደሆነ።"

"ያው ፈሳሽ ነው እናቴ።"

የጌራ ማር በብርድ ጊዜ በማንኪያ እንኳ አይነሳም። ይህን ለቦሌ ማስረዳት አልቻልኩም። ሙና ከኋላዬ "ጠርሙስ ማር ለዓረብ አገር" ብላ ሳቀች፤ ከሷ ጀርባ ያሉትም ሳቁ። ልጅቱ ጠርሙሱን ገንዳ ውስጥ ስትጥለው አየሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሙና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ መካከል ነበርኩ። ምንም አላየሁም።

ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ

ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መካ ነው። ስለ ሐረም አልጽፍም። እዚያ ያልኩትና ያለቀስኩት በእኔና በአላህ መካከል ነው። ስለ ማደሪያችን ልናገር።

አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ነበርን። ክፍሉ ውስጥ ቀን ከሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን አለ፤ ማጥፊያው የት እንደሆነ ማንም አላወቀም። ውጭው እሳት፣ ውስጡ የገበሬ ቤት ክረምት። ጋቢዬን ለብሼ ተኛሁ። ሊፍቱ አንድ ቀን ከእኔና ከአንዲት ሱዳናዊት ጋር ቆመ። በቋንቋ አንግባባም፤ እስኪከፈት ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። ሲከፈት እጄን ስማ ሄደች። ከሙና ይልቅ ያቺ ሴት አብራኝ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

ምግቡ ሩዝ ነው፣ በማግስቱም ሩዝ። ዛፍ የለም። ከጅማ ለመጣ ሰው ዛፍ የሚባል ነገር የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ከእኛ ጋር የነበረች የሰርቦ ሴት "ወላሂ እዚህ ዝናብ ቢጥል ሰዉ የት ይጠለላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ እንደማይጥል ነገርኳት። "ታዲያ ምን ይበላሉ?" አለች። ሩዝ አልኳት።

ማታ ማታ ሙና ከነጂብ ጋር በስልክ ስታወራ፣ የልብሱን፣ የሽቶውን፣ የሥጋጃውን ዋጋ ትቆጥርለታለች። አንድ ቀን እኔ ላይ ደረሰች።

"እታባ፣ ከእውነት ላፕቶፑን እርስዎ ሊጽፉበት ነው? ዓይንዎት ያያል?"

"ጣቴ ያያል" አልኳት።

ለነጂብ ነገረችው። በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።

ረቡዕ፣ ጅዳ

በመመለሻችን ዋዜማ ከመካ ወደ ጅዳ መጣን፤ ሐሊማ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ጠይቃ ማደሪያችን ድረስ መጣች። እንደ እኔ የሸመገለች፣ እጆቿ በዘይት ጠባሳ የተሞሉ ሴት ናት። "አካም ጂርቱ" ብላ አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ጥቁሩ አባያዋ ሽንኩርት ሸተተኝ። ማሩን ስነግራት "ሽታው ደርሶኛል፣ ገለቶሚ" ብላ አመሰገነችኝ። በምሳ ዕቃ የበቆሎ ገንፎ፣ መሃሉ ቅቤ ያለበት፣ በፎጣ ጠቅልላ ሞቅ እንዳለ አመጣችልን። ቅቤውን ከየት እንዳገኘች ስጠይቃት ምሳ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋችው። ሙና ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። እኔና ሐሊማ ጨረስነው።

"አጋሮ እንዴት ነው? ቡናው?" አለችኝ።

"ያው ነው። መንገዱ ተሠርቷል። ሰዉ ተቀይሯል።"

"ቤታችን ቆሟል?"

ቤታቸውን አላውቀውም። ቆሟል አልኳት።

ሐሊማ የወሰደችን የላፕቶፕ ሱቅ አንድ ረጅም ሰገነት ሥር ያለ ነው። ባለቤቱ የመናዊ ወጣት ነው፤ ሐሊማ በዓረብኛ ታነጋግረዋለች። ፈረንጅ አራዳ ላፕቶፕ እንደ ሙሽራ ከመስታወት ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ እንደ ጎመን ተከምሯል። አንዱን መረጥኩ። የምመርጠው በቁልፉ ነው፤ ልጁ ግን ስክሪኑን ሲያሳየኝ ነበር። እጄን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ሳላይ መታሁ። ዓረብኛና እንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈባቸው፤ ለእኔ ግድ የለም። ልጁ ጣቶቼን አይቶ ለሐሊማ አንድ ነገር አላት።

"ምን አለ?"

"እህትሽ ፒያኖ ትጫወታለች ወይ ነው የሚለው።"

ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ሐሊማ ተከራክራ ዋጋውን አስቀነሰችልኝ፤ ሂሳቡን ከፈልኩ።

ከዚያ ሙና ካርቶኑ እንዳይያዝ አለች። ቦሌ ላይ አንድ ሰው የሚገለገልበትን አንድ ላፕቶፕ ያሳልፋሉ፤ አዲስ የመሰለ ነገር ግን ለንግድ ነው ይባላል። ስለዚህ መሸፈኛው ተልጦ፣ ተከፍቶ፣ የሰው ስም ተሰጥቶት መሄድ አለበት። ልጁ አበራው። ማሽኑ ስም ጠየቀ። ሐሊማ "ማን ይበል?" አለችኝ።

"ሉባባ" አልኩ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ሙና። ስልኳን አውጥታ ነጂብ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም ሰማነው።

"ሉባባ? ጉምሩክ ይህን ያህል ያረጀች ሴትዮ በላፕቶፕ ትሠራለች ቢባል ያምናል? ይወርሱታል። ፉአድ በሉት። ሙና ትያዘው፣ የልጄ ነው ትበል። ለአሠራር እንዲመች ነው፣ እታባ ትሰሚያለሽ?"

ሰማሁ። ፉአድ የሱና የሙና የበኩር ልጅ ነው።

በዚህ መሀል አዛን አለ። ልጁ ሱቁን ለሶላት ሊዘጋ መጋረጃውን ማውረድ ጀመረ። ሙና "ቶሎ፣ ቶሎ" ትላለች። ሐሊማ ክንዴን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

በዚያ ጉዞ ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ማሽኑ ቢወረስ ሌላ የምሸጠው አምባር የለኝም። ፉአድ ይባል አልኩ። ሙና የሚስጥር ቁጥሩን ራሷ መታች። ዞር በሉ አላለችንም፣ ግን ጀርባዋን ሰጠችን።

ሐሊማ ስትለየኝ ወደ አጋሮ ምንም አልላከችም። ደብዳቤም ዕቃም። "ለማን ልላክ" አለች።

ሐሙስ፣ ቦሌ

ሙና ሦስት ሙሉ ሻንጣ ገፍታ፣ ላፕቶፑን ትከሻዋ ላይ አንግታ ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ ዘምዘሙንና ተምሩን ይዣለሁ።

የጉምሩኩ ሠራተኛ ቦርሳውን አስከፈታት። "የማን ነው?"

"የልጄ ነው። ፉአድ ይባላል።"

ከፈተችው። ስክሪኑ ፉአድ አለ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ።

"እናቴ፣ እርስዎስ? ኤሌክትሮኒክስ ነገር አለዎት?"

"የለኝም" አልኩ።

በትሕትና አሳለፈኝ። ዘምዘሙን ሊሸከምልኝ ሁሉ ፈልጎ ነበር። ብዙ ዓመት የምስክር ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው በራሱ አፍ የተናገረው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ያቺ ቃል አልለቀቀችኝም።

ዓርብ፣ ወደ ጅማ

መመለሻው አጠረብኝ። ግቤ ላይ ሙና አላስታወካትም፤ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አቅፋ ተኝታ ነበር። አንድ ጊዜ "እኔ ልያዘው፣ ይደክምሻል" አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ "ጅማ እንደርሳለን እኮ" አለች። ሰኮሩ ላይ ዝናብ መጣ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሹፌሩ ዝጉት እስኪል ድረስ ፊቴን አረጠብኩ።

ነጂብ በሩ ላይ ጠበቀን። ግቢው በጠያቂ ተሞልቷል። ሰው እጄን እየሳመ "ሐጂያ፣ ማብሩክ" ይለኛል፤ ነጂብ ከአጠገቤ ቆሞ "አልሐምዱሊላህ፣ አደረስኳት" ይላል። ዘምዘሙን በፍንጃል እያካፈለ እሱ ያመጣው አስመሰለ። እንግዳው ሲወጣ ላፕቶፑን ጠየቅሁ።

"ዛሬ ዕረፊ እንጂ እታባ። ቻርጅ ላይ ነው" አለኝ።

በማግስቱ ጠየቅሁ። ፉአድ ወስዶት ነበር። ፉአድ የአባቱን የቡና መረከቢያ የሚይዘው አጋሮ ላይ ነው።

ሰኞ፣ አጋሮ

ይህኛው ቀን ከጉዞው ጋር መጻፍ ያለበት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ከጅማ በሚኒባስ ወጣሁ። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ሰጡኝ፤ ሐጂያ መሆኔን ሰምተዋል። ረዳቱ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ "ዱአ ያድርጉልኝ" አለ። አደረግሁለት። የቡ ከተማ ላይ ቡና የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ስለዘጉት ቆምን። ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ወቅት በእኛ አገር ሥራ የሌለው ሰው የለም።

የነጂብ መረከቢያ ከአጋሮ መግቢያ ነው። ሚዛን፣ የጀንፈል ክምር፣ ጆንያ የሚሰፉ ሴቶች። ፉአድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ላፕቶፔ ከፊቱ ተከፍቷል፤ ቁልፎቹ ላይ የቡና ገለፈት አቧራ ሰፍሯል። ሲያየኝ ተነሳ፤ የአባቱ እህት ስለሆንኩ አዳዳ ይለኛል።

"አዳዳ፣ እንኳን መጡ። ሻይ ይምጣልዎት?"

"ላፕቶፑን ልወስድ ነው የመጣሁት ልጄ።"

ፉአድ መጥፎ ልጅ አይደለም። ፊቱ ቀላ። "የመረከቢያው ሂሳብ ሁሉ እዚህ ላይ ገብቷል። አባዬ... እሱን ቢያናግሩት አይሻልም? ሲፈልጉ ግን መጥተው ይጻፉበት፣ እኔ እከፍትልዎታለሁ።"

"ክፈትልኝ" አልኩ።

ጎንበስ ብሎ የሚስጥር ቁጥሩን መታ። ወንበሩን ለቀቀልኝ። አቧራውን በነጠላዬ ጠርጌ ጣቶቼን አስቀመጥኩ። እንደ ድሮው፣ ሳላይ፣ ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አማርኛ አልተጫነበትም። ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር። ፉአድ ከኋላዬ ሆኖ "ምን ብለው ነው የጻፉት?" አለኝ።

ነጂብ በዚህ ጊዜ ከሚዛኑ በኩል መጣ። እጁን በጆንያ እየጠረገ ነበር።

"እታባ፣ በዚህ ፀሐይ? ብትደውዪልኝ እኔ አልመጣም ነበር?"

"ላፕቶፔን ስጠኝ ነጂብ።"

"ያንቺው ነው እኮ፣ ማን ወሰደው? አሁን መከር ነው፤ ልጁ ይሥራበት። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠሽ ሰው ምን ይለኛል? ነጂብ እህቱን ሜዳ ጣላት ነው የሚለው። እዚህ ይሁን። ለአሠራር እንዲመች ነው።"

ጆንያ የሚሰፉት ሴቶች መስፋት አቆሙ።

"ይህን ቃል አንድ ጊዜ ነግረኸኛል" አልኩት።

"የቱን ቃል?"

ፊቱን አየሁት። አላስመሰለም። ከእውነት አያስታውስም። ካርታውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ "የሁለታችን ነው" ያለውን፣ አንዱንም አያስታውስም። እኔ ያን ቃል ስንት ዓመት ተሸክሜው ስኖር፣ እሱ የተናገረው ቀን እዚያው ጥሎት ሄዷል። አቤቱታ ለሰው ስጽፍ "ቃሉን ክዷል" ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ለረሳ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን አላውቅም።

ፉአድ ሻዩን አመጣ። ሳልጠጣው ተነሳሁ። ልጁ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘኝ፤ "አዳዳ፣ መከሩ ሲያልቅ አመጣልዎታለሁ፣ ወላሂ" አለ። መከሩ አልቋል። ቀጣዩ የቡና አበባ ወጥቷል።

ከአጋሮ በዚያው ቀን ተመለስኩ። ቦታ ስለሌለ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለችውን ክፍል ለያዘልኝ ሰው ደውዬ ለሌላ ያከራያት አልኩት። የተረፈውን ተምር ለጎረቤት አካፈልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከነጂብ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላሁም፤ ምግቤን ሰርቪሷ ውስጥ በከሰል እሠራለሁ። ከመርካቶ አንድ ደስታ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዛሁ። ይህንን በእጄ ጻፍኩት።